የይዞታ ዋስትና መድን ድርጅት የገንዘብ ፍሰት ትንተና

የይዞታ ዋስትና መድን ከግዢ በፊት በነበረ የባለቤትነት ጉድለት ምክንያት ጉዳት ለሚደርስበት የቤት ወይም የቦታ ገዢ፣ ወይም ቤቱን መያዣ አድርጎ ላበደረ ባንክ፣ ካሳ የሚከፍል የመድን ዓይነት ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት የገንዘብ ፍሰት ትንተና ገንዘቡ ከየት እንደገባና ለምን እንደወጣ፣ በድርጅቱ እጅ ካለው ገንዘብ ውስጥም የትኛው የራሱ፣ የትኛው ለወደፊት ካሳ የተያዘ፣ የትኛው የደንበኛ አደራ እንደሆነ የመለየት ሥራ ነው።

ትንተናው ከሌሎች የመድን ድርጅቶች የሚለየው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ዓረቦኑ የሚከፈለው ሽያጩ በተፈጸመበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ዋስትናው ግን ገዢው ወይም ወራሾቹ ቤቱን እስከያዙ ድረስ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ የሻጭንና የገዢን ገንዘብ በአደራ ይይዛል። በዚህ የተነሳ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ያለው ድርጅት ሁልጊዜ ጤናማ ድርጅት ነው ማለት አይቻልም።

ይህ መድን በስፋት የሚሸጠው በአሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ እንደ ተለመደ የመድን ዓይነት አይሸጥም፤ ይሁን እንጂ መድኑ የሚሸፍናቸው ችግሮች በአገሪቱ የቤት ገበያ ውስጥ የታወቁ ናቸው።

የመድኑ ምንነት

አብዛኛው መድን የሚገባው ወደፊት ሊደርስ ለሚችል አደጋ ነው፤ ለምሳሌ መኪና ሊጋጭ፣ ቤት ሊቃጠል፣ ሰው ሊታመም ይችላል። የይዞታ ዋስትና መድን ግን የሚመለከተው ወደኋላ ነው። ውሉ በሚፈረምበት ቀን ጉድለቱ አስቀድሞ አለ፤ አልታወቀም እንጂ። ከተለመዱት ጉድለቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

- በሐሰተኛ ውክልና ወይም በተጭበረበረ ፊርማ የተደረገ ሽያጭ፤
- ፈቃዱ ሳይጠየቅ የቀረ ወራሽ ወይም የትዳር አጋር፤
- ያልተከፈለ የባንክ ዕዳ ወይም ግብር፣ እንዲሁም በፍለጋ ወቅት ያልታየ የፍርድ ቤት እገዳ፤
- በመዝገብ ላይ የተፈጠረ የስም፣ የወሰን ወይም የስፋት ስህተት።

ድርጅቱ ውሉን ከመሸጡ በፊት የቤቱን የቆየ መዝገብ ይመረምራል፤ ያገኘውን ጉድለት ወይ ያስተካክላል ወይ ከዋስትናው ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ከዓረቦኑ ትልቁ ድርሻ የሚውለው ለካሳ ሳይሆን ጉድለትን አስቀድሞ ለመፈለግና ለሽያጭ ሥራ ነው። በአሜሪካ በተለመዱ ዓመታት ለካሳ የሚውለው ከዓረቦኑ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። በመኪና መድን ግን ከዓረቦኑ ከግማሽ በላይ ለካሳ መዋሉ የተለመደ ነው።

ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። የባለቤት ውል ገዢውን የሚጠብቅ ሲሆን ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የግዢው ዋጋ ነው። የአበዳሪ ውል ባንኩን የሚጠብቅ ሲሆን ብድሩ እየተከፈለ ሲሄድ ሽፋኑም አብሮ ይቀንሳል፤ ብድሩ ሲያልቅ ውሉም ያበቃል።

ታሪክ

የመድኑ መነሻ የአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ1868 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋትሰን በሙርሄድ ላይ ባቀረበው ክስ ውሳኔ ሰጠ። ገዢው ዋትሰን የሽያጭ ሰነድ አዘጋጁን አምኖ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከገዛ በኋላ ዕዳ ተገኘበት፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሰነድ አዘጋጁ የሠራው የሕግ ምክርን ተከትሎ በቅን ልቦና ስለሆነ ካሳ የመክፈል ኃላፊነት የለበትም አለ። በዚህም ጥፋት የሌለበት ገዢ ያለ ካሳ ሊቀር እንደሚችል ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1876 የመጀመሪያው የይዞታ ዋስትና መድን ድርጅት በፊላደልፊያ ከተማ ተቋቋመ።

ሌሎች አገሮች ለዚሁ ችግር ሌላ መፍትሔ መረጡ። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1858 ሮበርት ቶረንስ ባመጣው ሥርዓት በመዝገቡ ላይ ለሰፈረው ስም መንግሥት ራሱ ዋስትና ይሰጣል፤ በመዝገቡ ስህተት መብቱን ያጣ ሰውም ከመንግሥት ካሳ ይጠይቃል። በአሜሪካም አዮዋ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1947 የግል ድርጅቶች ይህን መድን በግዛቲቱ ውስጥ እንዳይሸጡ የከለከለች ሲሆን፣ ከ1985 ጀምሮ ዋስትናውን የሚሰጠው የግዛቲቱ መንግሥት ተቋም ነው።

የገንዘቡ መግቢያና መውጫ

ወደ ድርጅቱ የሚገባው ገንዘብ በዋናነት ሦስት ምንጭ አለው፦ ዓረቦን፣ ለመዝገብ ፍለጋና ለሽያጭ ማስፈጸሚያ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ፣ እንዲሁም ከቦንድና ከባንክ ተቀማጭ የሚገኝ ወለድ።

የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በአመዛኙ ወደ ወኪሎች ይሄዳል። በአሜሪካ ውሉን በወኪል በኩል የሚሸጥ ድርጅት ከዓረቦኑ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን ለወኪሉ ይተዋል፤ ፍለጋውን የሚሠራው ወኪሉ ስለሆነ ነው። በራሱ ቅርንጫፍ የሚሸጥ ድርጅት ዓረቦኑን በሙሉ ቢያገኝም የሠራተኛ ደመወዝና የቢሮ ወጪ ይሸከማል። ልዩነቱ በተለይ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይታያል። የወኪል ድርሻ ከሽያጩ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ደመወዝና ኪራይ ግን ቶሎ አይወርድም።

የገንዘብ ፍሰት መግለጫ በምሳሌ

በዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 7 መሠረት የገንዘብ ፍሰት መግለጫ በሦስት ክፍሎች ይቀርባል፦ የሥራ እንቅስቃሴ፣ የኢንቨስትመንትና የፋይናንስ። የሚከተለው ለትምህርት የተዘጋጀ ምናባዊ ምሳሌ ሲሆን አሃዞቹ በሚሊዮን ብር ናቸው።

የሥራ እንቅስቃሴ፦
- የተሰበሰበ ዓረቦን፦ 200
- ለወኪሎች የተከፈለ፦ 110 ወጪ
- ደመወዝና ሌላ የሥራ ወጪ፦ 60 ወጪ
- የተከፈለ ካሳ፦ 8 ወጪ
- የተሰበሰበ ወለድ፦ 6
- የተከፈለ ግብር፦ 5 ወጪ
- የተጣራ፦ 23 ገቢ

ኢንቨስትመንት፦
- የቦንድ ግዢ፦ 30 ወጪ
- ጊዜው ደርሶ የተመለሰ ቦንድ፦ 15 ገቢ
- ኮምፒውተርና ሶፍትዌር፦ 4 ወጪ
- የተጣራ፦ 19 ወጪ

ፋይናንስ፦
- ለባለአክሲዮኖች የተከፈለ ትርፍ ድርሻ፦ 10 ወጪ

ድምሩ 23 ሲቀነስ 19 ሲቀነስ 10፣ ማለትም የ6 ሚሊዮን ብር ቅናሽ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ 40 ሚሊዮን ብር የነበረው ጥሬ ገንዘብ በመጨረሻው 34 ሚሊዮን ይሆናል። ቅናሹ ብቻውን የድክመት ምልክት አይደለም፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ወደ ቦንድ ተዛውሯልና። የመጀመሪያው ጥያቄ የሥራ እንቅስቃሴው ራሱን ችሎ ገንዘብ አስገኝቷል ወይ የሚለው ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ መልሱ አዎ ነው።

በትርፍና በጥሬ ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት

የዚሁ ድርጅት ትርፍ 23 ሚሊዮን ሳይሆን 18 ሚሊዮን ብር ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ በዓመቱ ለተሸጡ ውሎች ወደፊት ይከፈላል ብሎ የገመተውን ካሳ፣ ለምሳሌ የዓረቦኑን 5 በመቶ ወይም 10 ሚሊዮን ብር፣ በወጪነት ይመዘግባል። በዓመቱ በጥሬ ገንዘብ የወጣው ካሳ ግን 8 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ቀደም ባሉት ዓመታት በተሸጡ ውሎች ላይ የቀረበ ጥያቄ ነው። የ3 ሚሊዮን ብር የዕቃ እርጅናም ወጪ ሆኖ ቢመዘገብም ጥሬ ገንዘብ አልወጣበትም። ስለዚህ 18 ትርፍ፣ 3 የእርጅና ተቀናሽ እና 2 የካሳ መጠባበቂያ ጭማሪ ሲደመሩ 23 ይሆናሉ።

የ2 ሚሊዮኑ ጭማሪ ለተንታኝ ወሳኝ ነው። በካዝና ውስጥ ያለ ገንዘብ ቢሆንም ለካሳ የተያዘ ነውና ነጻ ገንዘብ አይደለም። ድርጅቱ እያደገ ባለበት ጊዜ መጠባበቂያው ከሚከፈለው ካሳ በላይ እየጨመረ ስለሚሄድ የገንዘብ ፍሰቱ ከትርፉ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሽያጭ ሲቆም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አዲስ ዓረቦን ሳይገባ የአሮጌ ውሎች ካሳ መውጣቱን ይቀጥላል።

መጠባበቂያና የዘገየ ካሳ

አንድ ወራሽ መብቱን ሊጠይቅ የሚመጣው ቤቱ ከተሸጠ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የሚታወቀው ገዢው ራሱ መልሶ ሲሸጥ ወይም ብድር ሲጠይቅ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ዓረቦን የተወሰነውን በመጠባበቂያነት እንዲይዝና በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ያስገድዳል።

መጠባበቂያው በቂ መሆኑን ለመመርመር ተንታኞች ካሳውን በተከፈለበት ዓመት ሳይሆን ውሉ በተሸጠበት ዓመት ይመድቡታል። እያንዳንዱ መስመር አንድ የሽያጭ ዓመት፣ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ያለፈ ዓመት ይሆናል። የቅርብ ዓመታት መስመሮች አጭር ስለሆኑ ሰንጠረዡ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። የአሮጌዎቹ መስመሮች አካሄድ ያልሞሉትን ቦታዎች ለመገመት ያገለግላል። የአንድ የሽያጭ ዓመት ግምት በየዓመቱ ወደላይ የሚከለስ ከሆነ ድርጅቱ ቀደም ሲል ያሳየው ትርፍ የተጋነነ ነበር ማለት ነው።

የአደራ ገንዘብ

በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ሲፈጸም ቀብዱ፣ የባንኩ ብድርና የዋጋው ቀሪ ብዙ ጊዜ በመድን ድርጅቱ ወይም በወኪሉ እጅ ያልፋል። ሰነዱ ተሟልቶ ስም እስኪዛወር ድረስ ገንዘቡ በልዩ የአደራ ሂሳብ ይቀመጣል። ገንዘቡ የድርጅቱ አይደለም፤ ስለዚህ ከላይ ባለው መግለጫ ውስጥ አይገባም። መጠኑ ግን ከድርጅቱ የራሱ ገንዘብ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚነሳው የታወቀ ምሳሌ የላንድአሜሪካ ውድቀት ነው። ላንድአሜሪካ ፋይናንሻል ግሩፕ በቨርጂንያ ግዛት በሪችመንድ የተቀመጠ፣ በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረ ኩባንያ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ኩባንያው ንብረት ሸጠው በሌላ ንብረት ለሚተኩ ደንበኞች ገንዘብ በአደራ ይይዝ ነበር። ከዚህ ገንዘብ የተወሰነው በየጊዜው በጨረታ በሚሸጡ ቦንዶች ላይ ተቀመጠ፤ ቦንዶቹ በማንኛውም ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይመለሳሉ ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 የጨረታ ገበያው ሲቆም ቦንዶቹን መሸጥ አልተቻለም። ደንበኞች ገንዘባቸውን በጠየቁ ጊዜ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ታጣ፤ እናት ኩባንያውና ቅርንጫፉም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የኪሳራ ማመልከቻ አቀረቡ። የመድን ድርጅቶቹ በዓመቱ መጨረሻ ለፊደሊቲ ናሽናል ፋይናንሻል ተሸጡ።

ለውድቀቱ ቅርብ ምክንያት የሆነው የካሳ ክፍያ አልነበረም። ነገ ሊጠየቅ የሚችል ገንዘብ ነገ ሊሸጥ በማይችል ንብረት ላይ መቀመጡ ነው። ስለዚህ የአደራ ገንዘብ ከመግለጫው ውጭ ቢሆንም ተንታኙ የት እንደተቀመጠና በስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል መጠየቅ ይኖርበታል።

የወለድና የቤት ገበያ ተጽዕኖ

ዓረቦን የሚገባው ቤት ሲሸጥ ወይም አዲስ የቤት ብድር ሲፈረም ብቻ ስለሆነ ገቢው ከወለድ መጠን ጋር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በአሜሪካ ወለድ ዝቅ ሲል ብዙ ሰዎች አሮጌ ብድራቸውን በርካሽ ብድር ተኩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ብድርም አዲስ የአበዳሪ ውል አስፈለገው። ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ማዕከላዊው ባንክ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5.25 እና 5.5 በመቶ መካከል ከፍ ሲያደርግ ይህ ሥራ በእጅጉ ቀነሰ።

ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ዓረቦኑ በ40 በመቶ ወርዶ 120 ሚሊዮን ብር ሆነ እንበል። የወኪሎች ድርሻ በዚያው ልክ ወደ 66 ይወርዳል፤ የሥራ ወጪው ግን ከ60 ወደ 52 ብቻ ዝቅ ይላል። ካለፉት ዓመታት ሽያጭ የመጣው ካሳ 10፣ ወለዱ 6 ቢሆንና ግብር ባይኖር የሥራ እንቅስቃሴው የ2 ሚሊዮን ብር ጉድለት ያሳያል። ዓምና 23 ሚሊዮን ያስገኘ ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን መቻል አቃተው ማለት ነው። ቀደምት ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው የተከፈቱ ማመልከቻዎች ብዛት ነው፤ ዛሬ የተከፈተ ማመልከቻ ዓረቦን ሆኖ የሚገባው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በግለሰቦች መካከል የሚሸጠው በቦታው ላይ ያለው ቤት ሲሆን የመጠቀም ወይም የሊዝ መብቱ አብሮ ይተላለፋል። ስለ ሊዝ ይዞታ አዋጅ ቁጥር 721/2004፣ ስለ ከተማ ይዞታ ምዝገባ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 የባለቤትነት ካርታ የተሰጠውን ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፤ በአንቀጽ 1196 ግን ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። የይዞታ ዋስትና መድን የሚያስፈልገው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በውስጡ የጀሞ ኮንዶሚኒየም መንደሮች፣ እንደ መካኒሳና ሳር ቤት ያሉ የቆዩ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በለቡ አቅጣጫ የተስፋፉ አዳዲስ መኖሪያዎች ይገኛሉ። ነባር ይዞታ፣ ሊዝና ኮንዶሚኒየም እያንዳንዳቸው የተለየ የማስረጃ ሰንሰለት አላቸው። በጀሞ የኮንዶሚኒየም ቤት የሚገዛ ሰው የባንክ ብድሩ መዘጋቱን፣ በዕጣ ለደረሰ ቤት የተቀመጠው የ5 ዓመት የሽያጭ ገደብ ማለፉን፣ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን ያጣራል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚያስፈልግ የሻጩም የጋብቻ ሁኔታ ይታያል። ከዚያ ሻጭና ገዢ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም ቀርበው ይፈራረማሉ፤ የስም ዝውውሩም በይዞታ መዝገቡ ላይ ይፈጸማል።

በአዋጅ ቁጥር 110/1990 በባለቤትነት ማስረጃ ላይ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። በ5 ሚሊዮን ብር ለተገመተ ቤት ይህ 100,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ የመንግሥት ገቢ ነው እንጂ ዓረቦን አይደለም፤ ገዢው ኋላ ቤቱን ቢያጣ ካሳ የመጠየቂያ ውል አያገኝበትም። ሕጉ ሻጩ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ቢያስገድድም ሻጩ በሐሰተኛ ውክልና የሸጠና የተሰወረ ከሆነ ይህ ዋስትና ብዙም አይረዳም።

መድኑ በእንዲህ ያለ ሰፈር ቢሸጥ ስሌቱ ምን ይመስል ነበር? ዓረቦኑ ከዋጋው ግማሽ በመቶ ቢሆን ለ5 ሚሊዮን ብር ቤት 25,000 ብር ይከፈላል። አንድ ገዢ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ቢያጣ ካሳው የ200 ቤቶችን ዓረቦን ይወስዳል። ከዓረቦኑ ለካሳ የሚተርፈው 5 በመቶ ወይም 1,250 ብር ብቻ ከሆነ ደግሞ አንዱን ካሳ ለመሸፈን 4,000 ቤቶች ያስፈልጋሉ። ከ4,000 ሽያጭ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ሙሉ ኪሳራ በሚያጋጥምበት ገበያ ድርጅቱ ወይ ዓረቦኑን መጨመር ወይ መዝገቡን በጥልቀት መፈተሽ አለበት። ስለዚህ አስተማማኝ የይዞታ መዝገብ ለመንግሥት አስተዳደር ብቻ ሳይሆን ለመድኑ ዋጋም መሠረት ነው። የዋጋ ንረትም ተጽዕኖ አለው፤ የካሳው ጣሪያ በግዢው ዋጋ ተወስኖ ከቀረ ከ10 ዓመት በኋላ ቤቱን ያጣ ባለቤት በሚከፈለው ካሳ ተመሳሳይ ቤት መግዛት ላይችል ይችላል።

በኢትዮጵያ የመድን ሥራ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 የሚመራ ሲሆን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የመድን ድርጅቶች መግለጫቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች ያዘጋጃሉ፤ ይህም የገንዘብ ፍሰት መግለጫን ይጨምራል። በመሆኑም እዚህ የተገለጸው የንባብ ዘዴ የአገሪቱን ሌሎች የመድን ድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት ለመመርመርም ያገለግላል።

የትንተናው ዋና ዋና ጥያቄዎች

- የሥራ እንቅስቃሴው ገቢ ከትርፉ ጋር ለምን ተለያየ? ልዩነቱ ከመጠባበቂያ ጭማሪ የመጣ ነው ወይስ ካልተከፈለ ሂሳብ?
- ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው ከሥራ ከተገኘው ገንዘብ ነው ወይስ ለካሳ ከተያዘው?
- የቀደሙት ዓመታት የካሳ ግምት በየትኛው አቅጣጫ እየተከለሰ ነው?
- ሽያጭ በአንድ ዓመት በ40 በመቶ ቢወርድ የትኛው ወጪ አብሮ ይወርዳል፣ የትኛውስ ይቀራል?
- የአደራ ገንዘብ በተለየ ሂሳብ ተይዟል? ባለቤቱ በጠየቀ ቀን ሊከፈል ይችላል?
- አዲስ ውል መሸጥ ዛሬ ቢቆም፣ በእጅ ያለው ገንዘብና ቦንድ የተሸጡትን ውሎች ካሳ እስከመጨረሻው ይሸፍናል?

የመጨረሻው ጥያቄ የመድን ገቢውን ጥቅም በቀጥታ ይነካል። ገዢው ክፍያውን በአንድ ቀን አጠናቋል፤ ድርጅቱ ግን ቃሉን የሚፈጽመው ምናልባት ከ20 ዓመት በኋላ ነው።